የእማማ ደብሪቱ ደብተር

ወረቀቷ «ጃንዋሪ አንድ ተወለደች» ይላል፤
እሷ ግን፦ «የፍልሰታ ለት፣ ዶሮው ገና ሲበስል፣
እናቴ ሳትቀምሰው ምጥ ያዛት» ትላለች።
ጸሐፊው የቀለለውን ጻፈላት፤ ተቀበለች።
ሁለቴ ተወልዳ፣ አንዴም ሳታረጅ፣
ዊኒፔግ ገባች በየካቲት፣ በተውሶ ካፖርት፣ ከሁለት ልጅ።

ሌት የሆስፒታል ወለል፣ ቀን የልጅ ልጅ ጥበቃ፤
ፌርማታዋን አልፋ፣ በአውቶቡስ እንቅልፏን ሰርቃ።
መወልወያዋን እንደ መቋሚያ ተደግፋ ስትቆም
ነርሶቹ «ቆማ ትተኛለች» ይሉ ነበር፤ አልገባቸውም፤
የሐሙስን ውዳሴ ማርያም ነበር የምትጨርሰው፣
በሹክሹክታ፣ እንዳትቀሰቅስ በክፍሉ የተኛውን ሰው።

አንድ ጥምቀት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት፣
በበርሜል ውሃ አመጣን፣ በመኪና ኋላ ጭነት፤
ቄሱ መስቀሉን ሊነክሩ ቢሉ
ቀጭ አለ በረዶው፤ ዝም አለ ሰው ሁሉ።
እሷ ናት የሳቀችው፦ «ዳዊት ‹ባሕር አየች፣ ሸሸች› አለ፤
የዊኒፔጉ ግን የትም አልሄደ፤ ቆሞ ጠበቀን፣ ታደለ!»

ቅድስት ብዬ አልጽፋትም። ኩርፊያዋ ክረምት ያህል ነበር፤
እናቴ ሌላ ቸርች ብትሄድ፣ ሦስት ዓመት ስልኳን አላነሣችም ነበር።
ዓርብ ዓርብ ግን ደጃችን ላይ አንድ ድስት ይቀመጣል፣
የጾም ምስር፣ ድንጋይ የሆነ፤ ክዳኑ በክር ታስሯል፤
በበረዶው ላይ የእግር ዱካ፣
መጥቶ የተመለሰ፣ ደወል ሳይነካ።
ሲታረቁ ያየ የለም። አንድ ዓርብ ድስቱን ይዛ ገባች፤
«ጨው ሳያንሰው አልቀረም» አለች፤ ተቀመጠች።

በስልሳ ዓመቷ ፊደል ጀመረች፤ እኔ ሰባት ዓመቴ፤
በወጥ ቤት ጠረጴዛ እኩል ተማርን፣ እኔና አያቴ።
ዳዊቱን በቃሏ ታውቃለች፤ ዓይኗ ነው እንግዳ ለመስመሩ።
ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ እየተምታቱ ሲያስቸግሩ
«ለምን ሦስት ‹ሀ›?» አልኳት።
«አንዱ ሲደክመው» አለች «ሁለቱ እንዲሠሩለት።»
ያን ክረምት ነው ሰማያዊ ደብተር ከዶላር ሱቅ የገዛንላት።
ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት፣ ማንም አልከፈተው፤
«የሐኪም ቀጠሮ ይሆናል» እንል ነበር፣ ከትራሷ ሥር ስናየው።

በዘጠና አንድ ዓመቷ፣ በጾመ ነቢያት ሌሊት፣ አረፈች።
አርባዋ ለት ቄሱ «አብረዋት የሚታሰቡ ስሞች?» አሉ።
ደብተሩን ሰጠኋቸው።

«ክፍል አራት መቶ ዐሥራ ሁለት። ሽማግሌ። እጁን ያዝኩት።
ስሙን ማንበብ አልቻልኩም። ኃይለ ሚካኤል ብዬዋለሁ።»
«ድመቷን ስትጠራ የሞተች። ወለተ ሐና።»
«ሁለት ወንድማማች፣ ከመኪና አደጋ። ገብረ ሥላሴ። ተክለ ሥላሴ።»
«ሁልጊዜ ይሰድበኝ የነበረው ሰውዬ። ፍቅረ ማርያም።»

እንዲህ እያለ ሠላሳ ሰባት ገጽ፣ በእነዚያ ጠማማ ፊደላት።
ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ።
«እነዚህን ማን ክርስትና አነሣቸው?»
«አያቴ» አልኩ፣ «ሌሊት፣ ከባልዲዋ አጠገብ።»
ጥቂት ቆሙ። ከጣሪያው ላይ በረዶ ተንሸራትቶ ወደቀ።
ከዚያ ጀመሩ፤ አንድ በአንድ፣ ሳይዘሉ፤
እኛም «እግዚኦ መሐረነ» እያልን፣ የማናውቃቸውን ሰዎች
እንደ ዘመድ አለቀስናቸው።

የመጨረሻው ገጽ፦
«ሕፃን። አንድ ሌሊት ብቻ ያደረች።
ስም ፈለግሁላት፤ ደክሞኝ ነበር፤ የራሴን ሰጠኋት።»

ቄሱ «ወለተ ጻድቃን» አሉ፣
በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ።
የትኛዋ እንደሆነች የጠየቀ የለም።
እኔም አልተናገርኩም።